ለሃያ አንድ ጉዳይ

ይሻው መልካሙ በግ አይቆጥርም። ከገሳይ ወጣ ብሎ በጉና ተራራ ግርጌ ያሉ ጎረቤቶቹ ሁሉ ይህን ያውቃሉ። ማታ በጎቹ ሲገቡ በረቱ አፍ ላይ ቆሞ ፊት ፊታቸውን ያያል፤ ጆሮዋ የተቀደደው ገባች፣ አንካሳው ገባ፣ ግንባረ ቦቃዋ ገባች። የጎደለ ካለ የጎደለውን በፊቱ ያውቀዋል። ስንት ናቸው ብሎ የሚጠይቅ ከመጣ ግን መልሱ «እግዜር የሰጠን ያህል» ነው። ስለ ቀፎውም፣ ስለ ድንቹም፣ ስለ ልጆቹም ቢጠየቅ ያው ነው። የቀበሌ ሰዎች ሊመዘግቡ ሲመጡ የምታናግራቸው ሚስቱ ዘነበች ናት። እሱ ከብት ውሃ ሊያጠጣ ይሄዳል፣ ከብቶቹ ጠጥተው የተመለሱ ቢሆንም።

ቁጥር መሸሽ በአገሩ ብርቅ አይደለም። አውድማ ላይ እህል ሲሰፈር አንድ፣ ሁለት ብሎ የሚጮህ ሰው የለም። የመጀመሪያው ቁና «በረከት» ተብሎ ይገለበጣል፤ የቀረው በዝምታ ነው። የተቆጠረ ምርት ያንሳል ብለው ያምናሉ። የይሻው ግን ከዚህም ይብሳል። በወጣትነቱ ለብሔራዊ ውትድርና ተይዞ ወደ ሰሜን ሲዘምት፣ ጠዋት ጠዋት አሥር አለቃው ያሰልፋቸውና «ቁጠር» ይላል። ሃያ ነበሩ። አንዱ ካንዱ አፍ እየተቀበለ ሃያ ላይ ይደርሳሉ። ሃያ የሚለው ታደሰ የሚባል የእብናት ልጅ ነበር፤ ሁልጊዜ መጨረሻ መቆም ይወዳል፣ ድምፁንም ይጎትተዋል። ከአንድ ውጊያ ማግሥት ቁጥሩ እየመጣ እየመጣ አሥራ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ጸጥ አለ። አሥር አለቃው ምናልባት የተሳሳተ ሰው ካለ ብሎ ደግሞ አስቆጠራቸው። ደግሞ ጸጥ አለ። ይሻው ከዚያ ጦርነት በእግሩ አገሩ ሲገባ ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር ይህ ጸጥታ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውም ሆነ ከብት ቆጥሮ አያውቅም።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በስተርጅናው፣ ያውም በዮሩባ ቋንቋ፣ ቁጥር የተማረው።

ነገሩ የሚጀምረው በልጁ በማህሌት ነው። ማህሌት አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆና ስትሠራ፣ የአውሮፕላን ጥገና ሊማር ከመጣ አዴዋሌ ከሚባል ናይጄሪያዊ ጋር ተዋወቀች፣ አገባችውም። አዴዋሌ ዮሩባ ነው። ዮሩባ ማለት በናይጄሪያ ደቡብ ምዕራብ የሚኖር፣ ከተሞቹ ሰፋፊ የሆኑ ትልቅ ሕዝብ ነው። ከሰርጋቸው በኋላ ኢባዳን ወደምትባለው ከተማው ወሰዳት፤ እዚያ ቲቲን ወለዱ።

ሰርጉ በተሰማ ጊዜ የተባለው ሁሉ ቢጻፍ ወረቀት ያቆሽሻል። ጥቁር ነው ወይ ብለው ጠየቁ። የጠየቁት ሰዎች መስታወት ፊት ቢቆሙ መልሱን እዚያው ባገኙት ነበር። አፍሪካዊ አገባች አሉ፣ ራሳቸው የሚኖሩበት ክፍለ ዓለም ስሙ ሌላ ይመስል። ነጭ አግብታ ቢሆን ኖሮ እነዚያው ሰዎች ድንኳን ተሸክመው ይመጡ ነበር። ይህን የማያውቅ የለም፤ የሚናገረው ነው የሌለው። ይሻው ግን በዚያ ሁሉ ወሬ መሀል የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤተ ሰቡ ያርሳል ወይ አለ። ልጁ አያርስም፣ አባትየው ግን ያርሳሉ፣ እንደ ድንች ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ቦዬ የሚባል ነገር ይተክላሉ አለችው ማህሌት። እንደ ድንች የሚለውን ሲሰማ ልቡ አረፈ። ከዚያ ወዲያ ስለ አማቹ ክፉ የሚያወራ ሰው እሱ ቤት ጠላ አልቀመሰም።

ጭንቁ ሌላ ነበር። ቲቲ ስድስት ዓመት እስኪሆናት አያቷን የምታውቀው ማህሌት በላከችለት ስልክ ነው፣ ማወቅ ከተባለ። ኔትወርክ ባለበት ቀን ምስሏ ሲመጣ ይሻው «ቲቲዬ፣ እንዴት ነሽ የኔ እናት» ይላታል። እሷ አማርኛ ትንሽ ትሰማለች እንጂ አትመልስም። ያንን ጢማም ፊት ስታይ ከእናቷ ጀርባ ትሸሸጋለች። ዘነበች ጢምህን ተላጭ አለችው፤ ተላጨ። ያኔ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ሰው መጣ ብላ አለቀሰች። አንዲት የልጅ ልጅ ነው ያለችው፣ እሷም ትፈራዋለች።

አንድ ቀን ደጅ ተቀምጦ ዘር ድንች ሲመርጥ ስልኩ ጮኸ። እጁ አፈር ስለ ነበር ዘነበች ስልኩን ከድንጋይ ላይ አስደግፋለት ወደ ጓዳ ገባች። ቲቲ እንደ ልማዷ ልትሸሸግ ስትል ድንቹን አየች። ይሻው ደህናውን እያነሳ ወደ ጎን ያስቀምጣል። ቀስ ብላ «ኤኒ» አለች። ሌላ ሲያስቀምጥ «ኤጂ» አለች። እጁ ሲቆም እሷም ትቆማለች። ይሻው ምን እንደ ሆነ ገባው፤ ድንቹን እየቆጠረችበት ነው። ይህን ያደረገው ሲሳይ ቢሆን፣ ጎረቤቱ ማለት ነው፣ ቅርጫቱን ይዞ ይነሣ ነበር። አሁን ግን ሌላ ድንች አነሣና ቀስ አድርጎ፣ እንድታየው ከፍ አድርጎ አስቀመጠ። «ኤታ» አለች ቲቲ። ዘነበች ከጓዳ ስትወጣ ባሏ የተመረጠውን ድንች ወዳልተመረጠው እየመለሰ እንደ ገና ሲመርጥ፣ ብቻውንም ሲስቅ አገኘችው። ሰውዬው ለየለት ብላ መጀመሪያ ደንግጣ ነበር።

ማታውኑ ማህሌትን ጠየቃት፤ እዚያ አገር ቁጥር አይፈራም ወይ አላት። አማቷም ልጅ ሲቆጠር እንደማይወዱ፣ የሌላ ሰው ልጅ መቁጠር ነውር እንደ ሆነ ነገረችው፤ ድንች ግን ችግር የለውም። ይሻው «እንግዲያ ዘመዶች ናቸው» አለ። ቲቲ ከእናቷ ጋር በጥር እንደምትመጣ ሲነገረው፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ ማለት ነው፣ እስከዚያ ቁጥሩን ሊያውቅ ቆረጠ። ሌላ የሚያነጋግራት ነገር የለውም፤ በዚህ ብትቀርበው ነው።

ማህሌት ቁጥሩን በድምፅ ትልክለታለች፣ እሱ ደጋግሞ አድምጦ መልሶ ይልካል። ቃሉን ያዘው። ኤኒ አንድ፣ ኤጂ ሁለት፣ ኤታ ሦስት፣ ኤሪን አራት፣ አሩን አምስት። ግን እሱ ሲለው ቲቲ ከት ብላ ትስቃለች፣ ምን እንዳለ አታውቅለትም። የዮሩባ ቃል ድምፁ ዝቅ የሚልበትና ከፍ የሚልበት ቦታ አለው፤ ያ ከሌለ ቃሉ ቃል አይሆንም። ይሻው ሁሉንም እንደ ትልም ቀጥ አድርጎ ይስበዋል።

ገበያ ቀን ደብረ ታቦር ሲወጣ የኔታ ምሕረትአብ ዘንድ ጎራ አለ። የኔታ የዜማ መምህር ናቸው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለች ጎጆ ተማሪ ያስቀጽላሉ። ይሻው ስልኩን አውጥቶ የልጅቱን ድምፅ አሰማቸው፣ ቀጥሎ የራሱን። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና፣ «ታዲያ እኮ እሷ በዜማ ትለዋለች፣ አንተ በንባብ ትለዋለህ» አሉት። «እንዴት ትግባባላችሁ?»

ወረቀት አስመጡ። ቁጥሩን በእኛው ፊደል ጻፉለት፤ ከላዩ ደግሞ ለድጓ የሚያደርጉትን የዜማ ምልክት አደረጉበት። ድምፁ በሚወርድበት ድፋት፣ በሚወጣበት ቅናት። ኤጂ ሁለቱም ላይ ድፋት ሆነ። አሩን ወርዶ ይወጣል፣ ድፋትና ቅናት ሆነ። አንድ ተማሪ ይህ ምልክት ለቅዱስ ነገር ነው እንጂ ለባዕድ ቁጥር ይሆናል ወይ ብሎ አጉረመረመ። የኔታ ድምፅን የፈጠረ ሌላ አምላክ ካለ ስሙን ንገረኝ አሉት፤ ተማሪው ወደ ወንዝ ውሃ ሊቀዳ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይሻው በመጣ ቁጥር የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ ያስብሉታል፤ ተማሪዎቹም ሳይታሰብ ተምረውት ኖሮ ጓሮ ለጓሮ «ኤፋ፣ ኤጄ፣ ኤጆ» ሲሉ ይሰማ ነበር።

እስከ አሥራ አራት ድረስ ደኅና ሄደ። ከዚያ በላይ ያለው ረዘመባቸው። የኔታ ቃል መፍታት ልማዳቸው ነውና ማህሌትን በስልክ ትርጉሙን ጠየቋት። ከአሥራ አምስት ጀምሮ ያለውን ዮሩባ ወደ ኋላ ነው የሚቆጥረው አለቻቸው፤ አሥራ አምስት ማለት ከሃያ ላይ አምስት የጎደለው ነው፣ አሥራ ስድስት አራት የጎደለው። የኔታ ሳቁ። «ይሄማ የእኛ ሰዓት ነው። ለሦስት አምስት ጉዳይ እንል የለም?» አሉ። አሥራ ዘጠኝስ ሲሏት፣ ኦካንዲንሎጉን፣ ለሃያ አንድ ጉዳይ አለች።

የኔታ ወረቀቱ ላይ ምልክቱን ጨርሰው ቀና ሲሉ ይሻው ወደ አጥሩ ዞሯል። «የኔታ፣ እነዚህ ሰዎች የጎደለውን ሳይጠሩ አያልፉም ማለት ነው?» አለ።

«አያልፉም።»

«ጥሩ ሰዎች ናቸው» አለ ይሻው፤ ስለ ታደሰ ግን ያን ቀንም አላወራም።

ወሬው ገሳይ ሲደርስ ሲሳይ መሳለቂያ አገኘ። ሲሳይ ክፉ ሰው አይደለም፤ በወንፈል ከይሻው ጋር የሚያርስ፣ የሚያጭድ፣ በሬው ሲታመም ሌሊት የሚነሣለት ሰው ነው። አፉ ግን ዝም አይልም። «አያ ይሻው፣ ከተማሩ አይቀር እንግሊዝኛውን ቢማሩ ምናለ። ይሄንን ለማን ሊሸጡት ነው?» ይላል። ሰው ይስቃል። የሲሳይ ልጅ እንግዳ ፊት ቆሞ «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ» ሲል ደግሞ ያው ሰው ያጨበጭባል፣ ጎበዝ ይባላል፣ ዳቦ ይሰጠዋል። እንግዲህ ይህን ማን ያስረዳን? ባሕር ተሻግሮ የመጣብን ሰው ሲቆጥር ዕውቀት ነው፤ እዚሁ አህጉራችን ላይ እንደ እኛ መሬት የሚቆፍር ገበሬ ሲቆጥር ቀልድ ነው። ዕድሜ ልካችንን አልተገዛንም እያልን እንኮራለን፤ አጨብጫቢ እጃችን ግን መቼ እንደ ተገዛ አናውቅም።

ጥር መጣ፤ መንገዱም ተከፈተ። አዴዋሌ ሥራ ይዞት ቀረ። ይሻው አዲስ ጋቢ ለብሶ ከሲሳይ ጋር ደብረ ታቦር መናኸሪያ ሄደ፤ ሲሳይ ሻንጣ ልሸከም ብሎ ነው የመጣው። ማህሌት ከመኪናው ወረደች፣ ከኋላዋም ቲቲ፣ ጸጉሯ በዶቃ የተሠራ፣ በሄደች ቁጥር የሚንሿሿ። ሥራ የፈታው ሁሉ ዙሪያቸውን ቆመ። ይሻው ተንበረከከ፣ እንደ ተማረውም ድምፁን አውርዶ፣ አውጥቶ «ኤኒ፣ ኤጂ፣ ኤታ» አለ። የልጅቱ ዓይን ተከፈተ። «ኤሪን» አለ። አንዱ ከኋላ፣ ሽማግሌውን ምን ለከፋቸው አለ። ሳቅ ሆነ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ሲሳይ ነበር። ይሻው «አሩን» ብሎ አቆመ። ጋቢውን ሰበሰበ፣ ተነሣና ሻንጣው የቱ ነው አለ።

ቲቲ ስድስትን ልትል አፏን ከፍታ ነበር። መልሳ ገጠመችው።

ከዚያ በኋላ ቤት ገብታ አልቆጠረችም። ዘነበች ድንች አምጥታ ፊቷ ደረደረች፤ አየችው እንጂ ምንም አላለችም። ይሻው በገባ ቁጥር ወደ እናቷ ትጠጋለች፤ ስልክ ውስጥ እንደ ነበረችው ሆነች፣ እንዲያውም ከዚያ ባሰች። ሰውየው ቀን ከሥራ፣ ማታ ከእራት ሸሸ። ማህሌት በረት ድረስ ተከትላ ሄደችና፣ «አባባ፣ ያየችው ሲያፍሩባት ነው» አለችው። ይሻው በጎቹን ፊት ፊታቸውን ሲያይ ቆየ፤ የትኛዋ ገብታ የትኛዋ እንዳልገባች ግን ያን ማታ አልታወቀውም።

ገብሱ ተወቅቶ፣ በመንሽ እየተዘራ ገለባው በነፋስ ከሄደ በኋላ የሚሰፈርበት ቀን ደረሰ። የኔታም ምርቱን ሊባርኩ፣ ይበልጡን ግን ልጅቱን ሊያዩ ከደብረ ታቦር መጥተው ነበር። ሲሳይ ሰፋሪ ነው። ማህሌትና ቲቲ ከአውድማው ዳር ገለባ ላይ ተቀምጠዋል። የኔታ ጸለዩ፣ ሲሳይ የመጀመሪያውን ቁና ሞልቶ «በረከት» ብሎ ማዳበሪያው ውስጥ ገለበጠ። ከዚያ ዝም ተባለ። የሚሰማው የገብሱ መንሸራተት ብቻ ሆነ። ሁለተኛው ቁና ሲገለበጥ ከገለባው በኩል በጣም ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ኤኒ።»

ማህሌት የአገሩን ወግ ታውቃለችና እጇን ቶሎ በልጅቱ አፍ ላይ አደረገች። ሰው ሁሉ ዞረ። የቲቲ ዓይን ከእናቷ እጅ በላይ ሆኖ አያቷን ያያል። መናኸሪያም እንዲህ ነበር ያየችው። ይሻው ያለፈው ዓመት ገብስ በውርጭ እንደ ተበላ ያውቃል። የተቆጠረ ምርት ያንሳል የሚለውን ከአባቱ ሰምቷል፣ አባቱም ከአባታቸው። ከሁሉም በላይ የዚያን ጠዋት ጸጥታ ያውቃል። መንሹን መሬት ላይ አጋደመው።

ሲሳይ ሦስተኛውን ቁና ሊገለብጥ ሲል ይሻው «ኤጂ» አለ። በደንብ፣ በሁለት ድፋት።

ሲሳይ ቁናውን እንደ ያዘ ቀረ። «አያ ይሻው፣ ምርቱን እኮ እየቆጠሩት ነው» አለ፣ ለቀልድ ሳይሆን ደንግጦ።

«ስፈር።»

«ጎረቤት ምን ይላል?»

«የሚለውን ይበል። መናኸሪያ ሲስቅ ሰምቼዋለሁ፣ ሌላ ምን ይቀረዋል። የልጅ ልጄ ትቆጥራለች፣ አንተ ስፈር።»

ሲሳይ ወደ የኔታ ዞረ። የኔታ መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ሰማይ ያያሉ። ቁናው ተገለበጠ። ማህሌት እጇን አነሣች። «ኤታ» አለች ቲቲ፣ ተነሥታም ወደ አውድማው ቀረበች። አራትን አብረው አሉት። አምስት ላይ እሷ ቆማ ዝም አለችና አያቷን ጠበቀችው። ይሻው «አሩን» አለ፣ አወረደው፣ አወጣው። «ኤፋ» አለች፣ መናኸሪያ የዋጠቻትን። ከዚያ ወዲያ የሚያስቆማት አልተገኘም። ሃያ ሲደርስ ከአንድ ትጀምራለች፤ ከሃያ በላይ አታውቅም፣ ይሻውም አያውቅም። አሥራ ስድስት ላይ ምላሱ ሲጠላለፍበት የኔታ ከኋላ «ድፋት፣ ድፋት» ይሉታል። ሲሳይ ይህ ረጅሙ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ሃያ ሊሞላ የጎደለውን መጥራታቸው ነው አለው ይሻው፤ ያለውን አይደለም የምትቆጥርብህ፣ የሚጎድልህን ነው። ሲሳይ ጥቂት አሰበበት። እንዲህ ከሆነስ አይከፋም አለ፤ ቀጥሎም ቁናውን በሞላ ቁጥር ልጅቱን ቀና ብሎ እየጠበቀ፣ እሷ ስትል መገልበጥ ጀመረ።

ክምሩ አልቆ መጥረጊያ ደረሰ። የመጨረሻዋ ቁና ተጠርጎ ተሞላች፣ ተገለበጠች። «ኦካንዲንሎጉን» አለች ቲቲ። ባዶውን አውድማ አየች፣ ሲሳይን አየች። ሲሳይ አለቀ ለማለት እጁን ዘረጋላት።

«ለሃያ አንድ ጉዳይ» አለ ይሻው በአማርኛ፣ ለራሱ። ጸጥታው መጣ። ያው ጸጥታ ነበር፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ራሱ ተከትሎት እዚህ አውድማ ላይ የቆመ። የአንድ የእብናት ልጅ የተጎተተ ድምፅ የሚጠብቅ ይመስል ራሱን ዘንበል አደረገ።

ቲቲ ነገሩ ሳይሞላ መቅረቱ አላስደሰታትም። ወደ ሲሳይ ሄደች፣ ባዶውን ቁና ከእጁ ወስዳ መሬት አስቀመጠችና ልትገባበት እግሯን ከነጫማዋ ከተተች። አንድ እግር ብቻ ነው የያዘላት። በዚህ አገር እህል የሚሰፈርበት ቁና ውስጥ እግር አይገባም፤ ማህሌት ልትነሣ ስትል የኔታ በመቋሚያቸው መለሷት። ልጅቱ በአንድ እግሯ ቁና ውስጥ ቆማ፣ እንዳትወድቅ የአያቷን ጋቢ ጨምድዳ ያዘች።

«ኦጉን» አለች። ሃያ።

ሲሳይ ጭንቅላቱን አከከ። «አሁንስ ልጅቷንም ቆጠርናት ማለት ነው፣ አያ ይሻው?»

«ሞላች እንጂ አልተቆጠረችም» አለ ይሻው። ጎንበስ ብሎ ሊያወጣት ሲል አንገቱን ያዘችው፣ አልለቅ አለችው። ከነቁናው አነሣት፤ ቁናው ከእግሯ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ወደ ቤት ይዟት ወረደ። ሲሳይ ከኋላቸው ማዳበሪያውን ተሸክሞ፣ ቁናዋን መልሱ እንጂ የእኔ ናት እያለ ይከተላል፤ በመሀሉ ደግሞ ሳያውቀው ከንፈሩ «ኤኒ፣ ኤጂ» ይላል፣ ቀጥ አድርጎ፣ ያለ ምንም ድፋት።